የአባቷ ፎቶግራፍ

ልጄ ጀርመን አገር ለሁለተኛ ዲግሪዋ የዳንስ ታሪክ ታጠናለች። እዚህ ቡለን ቡና ላይ ጎረቤቶቼ «ምን ተማረች?» ሲሉኝ «ታሪክ» ብዬ አልፋለሁ። አምና ግን በስልክ ዘርዝራ ነገረችኝ። በአውሮፓ መድረክ ወንዱ እንደ ሴት፣ ሴቷም እንደ ወንድ ሆነው የተወኑበትን፣ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎችም ለዳንስ ጥበብ ያበረከቱትን ነው የምትመረምረው። ሕጋችን ወንጀል የሚለው ጉዳይ ነው። ዝም አልኩ። «እማ፣ ተቋረጠ እንዴ?» ስትለኝ የቡለን ኔትወርክ ለአንድ ቀን ጠቀመኝ፤ «አይሰማም» ብዬ ዘጋሁት።

በሳምንቱ መልሳ ደወለች። ስለ ሩሲያዊው የባሌ ዳንሰኛ ስለ ቫስላቭ ኒጂንስኪ አጫወተችኝ። እ.ኤ.አ. በ1909 ፓሪስን ጉድ ያሰኘ ወጣት ነው። የቡድኑ መሪ ዲያጊሌቭ ፍቅረኛው ነበር። በ1913 ኒጂንስኪ ቦነስ አይረስ ላይ ሴት ሲያገባ፣ ዲያጊሌቭ ከሥራ አባረረው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው አእምሮው ታወከ፤ በ1950 ለንደን ውስጥ አረፈ።

«እናቱስ?» አልኳት።

እናቱ ኤሌኖራም ዳንሰኛ ነበረች። ባሏ ጥሏት ሲሄድ ሦስት ልጆች ይዛ ቀረች፤ የመጀመሪያ ልጇም የአእምሮ ሕመምተኛ ነበር። የዚያን ቀን ስለ ኤሌኖራ ብቻ ብዙ አወራን። በጉዳዩ ላይ ያለኝ አቋም እንዳልተለወጠ ነገርኳት። «እንድትለውጪ አላልኩም፤ እንድታውቂልኝ ነው» አለችኝ።

ቀጥላም ስለ አገራችን አነሳች። አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ ከመውጣቷ በፊት፣ በእኛም ቴአትር የሴቷን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ይህን ስትል ደነገጥኩ። በደርግ ጊዜ፣ አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቀበሌው ኪነት ውስጥ ነበር። ሴት ልጁን ለመድረክ የሚሰጥ ወላጅ ስለጠፋ፣ ሻሽ አስሮ፣ ነጠላ ተከናንቦ ሙሽራዋን የተጫወተው እሱ ነው። ሕዝቡ በሳቅ ፈርሷል፤ ማንም ክፉ አልተናገረም። ፎቶግራፉ ለዓመታት አልበማችን ውስጥ ነበር። ጥናቷን የሰማሁ ዕለት አውጥቼ ሣጥን ሥር የደበቅኩት እኔ ነኝ። በሞተ ሰው ላይ ምን እንደፈራሁ እንጃ።

ባለፈው እሑድ አውጥቼ በሞባይል አነሳሁትና ላክሁላት። ወዲያው ደወለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም።

«እማ፣ ነጠላው የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አልኳት። «ሊዋሰኝ የመጣ ዕለት ነው የተዋወቅነው።»