በኪልት ወጥቼ የሰማሁት

«የሰው ልብስ የራሱ ጉዳይ ነው» እንላለን እንጂ፣ ያልለመድነውን ለብሶ የመጣ ሰው መንገድ ላይ ስናይ አፋችን ዝም ብሎ አያሳልፈውም። ይህን በ67 ዓመቴ በራሴ ላይ አየሁት። ሴት ልጄን ለመዳር ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ከተማ ሄጄ ሳለ የአማቼ ቤተሰቦች የአገራቸውን የወንዶች የክብር ልብስ፣ ኪልትን፣ ለሠርጉ እንድለብስ ጠየቁኝ። እሺ አልኩ።

ኪልትን በፎቶ ብቻ ያየ ሰው አጭር ቀሚስ ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሌላ ነው። ሙሉው ኪልት ከ7 ሜትር በላይ የሱፍ ጨርቅ ይፈጃል። ከፊት ተደራርቦ ይዘጋል፣ ከኋላ ጥቅጥቅ ብሎ ይሸበሸባል። ኪስ ስለሌለው ስፖራን የሚሉት ቦርሳ ከፊት ይንጠለጠላል። እስከ ጉልበት የሚደርሰው ካልሲ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ጩቤ ይሻጣል። ይህን ሳይ ወዲያው ትዝ ያለኝ አፋር ነው። የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ መጀመሪያ የተመደብኩት አሳይታ አካባቢ በነበረ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ፣ ጊሌውን ከወገቡ ታጥቆ ይውላል። በዚያ ሙቀት እኔም ማታ ማታ ሽርጥ ለብሼ አድሬአለሁ። ስለዚህ ሱሪ ብቻ የወንድ ልብስ ነው የሚለው ሐሳብ ከለቀቀኝ ቆይቷል።

የአማቼ አባት ቀበቶውን ሲያስታጥቁኝ ታሪኩን አጫወቱኝ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1746 የደጋው ስኮትላንዳውያን አመፅ ኩሎደን በተባለ ቦታ በሽንፈት ሲያበቃ፣ መንግሥት ወታደር ካልሆነ በስተቀር ማንኛውም ወንድ ይህን የደጋ ልብስ እንዳይለብስ በሕግ ከለከለ። ለብሶ የተገኘ 6 ወር ይታሰራል። ከደገመ 7 ዓመት ከባሕር ማዶ ይጋዛል። ሕጉ የተነሳው በ1782 ነው። ሰውየው ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። አያቶቻቸው የታሰሩበትን ልብስ ለእንግዳ ማልበሳቸው ክብር መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ለንደን ከሚኖረው ወንድ ልጄ የተወለደው የ11 ዓመቱ የልጅ ልጄም ትንሽ ኪልት ተከራይተውለት ነበር። እሱ ግን አኩርፎ ተቀመጠ። «አባባ፣ ሰው ቢስቅብንስ?» አለኝ። «አብረን ነን፤ ከሳቁም ለሁለት እንካፈለዋለን» ብዬ ይዤው ወጣሁ።

እውነትም ከሆቴሉ በር ጀምሮ አስተያየቱ ዘነበ። አንድ ሽማግሌ እጄን ጨብጠው «ከየትኛው ጎሳ ነዎት?» አሉኝ። በአገራቸው ብዙው የኪልት ጥለት ከቤተሰብ ስም ጋር የተያያዘ ነውና ጥያቄያቸው የምር ነበር። «ከሸዋ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «አላውቀውም፣ ግን አምሮብዎታል» ብለው አለፉ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አንዲት አሮጊት ሽብሻቡን ከሩቅ ሲያዩ ቆይተው «ባለቤቴ እንዲህ ያለውን ለብሶ ነበር ያገባኝ» አሉኝና ዓይናቸው እንባ ሞላ። ባላቸው ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አውቶቡሳቸው እስኪመጣ ስለ እሱ አወሩኝ። አንድ ሕፃን ደግሞ ጮክ ብሎ «እማዬ፣ ሰውየው ቀሚስ ለብሷል!» ሲል እናቱ መግቢያ ጠፋት። እኔና የልጅ ልጄ ግን ሳቅን።

ከሁሉ ያሳቀኝ የታክሲ ሹፌሩ ነው። በመስታወቱ ደጋግሞ ሲያየኝ ቆየና በአማርኛ «ይቅርታ ያድርጉልኝና አባቴ፣ ሐበሻ ነዎት?» አለ። አዎ ስለው መሪውን መታ መታ አድርጎ «ኧረ በስመ አብ! አገር ቤት ያሉት አይተውዎታል?» አለኝ። የሙሽራ አባት መሆኔን ስነግረው ሒሳብ አልቀበልም ብሎ መረቀን። አገር ቤት ያለችው ታላቅ እህቴ ግን ፎቶውን እንዳየች ደውላ «አንተ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜህ ጉልበትህን ገልጠህ?» አለችኝ። ካህናቶቻችንም ቀሚስ ይለብሳሉ ብላት «እነሱ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው» አለች። በዚህ ረታችኝ።

ሁሉም አስተያየት ግን አላሳቀንም። ወደ ድግሱ አዳራሽ ስንሄድ የጓደኛቸውን ሠርግ አስቀድመው የሚያከብሩ፣ ሞቅ ያላቸው ወጣት ሴቶች መንገድ ላይ አገኙን። «ከሥሩ ምን ለብሰሃል?» አሉኝ። ኪልት የለበሰ ወንድ ሁሉ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው ብለውኝ ስለነበር ፈገግ ብዬ ላልፍ ስል አንደኛዋ እጇን ሰድዳ የኪልቱን ጫፍ ያዘች። ሌላዋ ስልኳን ዝቅ አድርጋ ደቀነች። የልብ ምት እንደምቆጥር አድርጌ የልጅቱን እጅ ያዝኩና «ልጄ፣ ያልተፈቀደልሽን አትንኪ» አልኳት። ፊቷ ቀልቶ ይቅርታ ጠየቀች። ጓደኛዋ ግን «ቀልድ ነው እኮ!» አለች።

የልጅ ልጄ ጥቂት እንደሄድን «አባባ፣ ቀልድ ከሆነ ለምን ተቆጣህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ቀልድ በአፍ ነው። እጅ ሲገባበት ሌላ ስም አለው» አልኩት። «እኔንም ቢነኩኝ መቆጣት እችላለሁ?» አለኝ። ይህችን ጥያቄ እስካሁን አልረሳኋትም። ወንድ ልጅ ስለሆነ መሳቅ ያለበት መስሎት ነበር።

በኪልት የሚያስተናግዱ ወጣት ወንዶችም ከሰካራም እንግዶች እንዲህ ያለ ነገር እንደሚደርስባቸው የአማቼ አባት ነገሩኝ። በስኮትላንድ ከ2010 ጀምሮ የሰውን ገላ ያለፈቃዱ ከልብሱ ሥር መቅረፅ ወንጀል ነው። ሕጉ ቀሚስና ኪልት አይለይም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ እንለያለን። ሴት ልጅን «ማንም እንዳይነካሽ» እያልን እናሳድጋለን፤ ወንዱን «ወንድ ምን ይሆናል» ብለን እንተወዋለን።

በሠራሁባቸው 38 ዓመታት ያየሁት ሌላ ነው። ለቀዶ ጥገና ከኋላ የሚታሰረውን ጋውን ስናለብሳቸው ጦር ሜዳ የዋሉ ጎልማሶች እንደ ሕፃን ሲሳቀቁ አይቻለሁ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ መጋረጃውን ሳልስብ፣ ጋቢያቸውንም ሳልደርብላቸው ልብስ የማላስወልቀው። ገላን መጠበቅ ወንድና ሴት የለውም። ወንድ ልጅ ሲደፈርም ሆነ ሲነካ ብዙውን ጊዜ ለማንም አይናገርም። እንዳይናገር ያስተማርነው ደግሞ እኛው ነን።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ እናንተም እኩዮቼ አያቶች፣ ወንዶች ልጆቻችሁን አስቀምጣችሁ ይህን ንገሯቸው። በልብስህ ቢስቁ መሳቅም፣ መልስ መስጠትም፣ ዝም ብሎ ማለፍም ትችላለህ። እጅ ከሰነዘሩ ግን «አትንካኝ» በል፣ ከአካባቢው ሂድ፣ መጥተህም ንገረን። ሲነግሯችሁ አትሳቁ፣ አትቆጡ፣ «አንተስ ምን አድርገህ ነው?» አትበሉ። መጀመሪያ አድምጧቸው።

በማግሥቱ በመልሱ ላይ የአማቼ አባት በተራቸው ካባ ደርበው መጡ። ከመኪና ወርደው እስኪገቡ ድረስ ሁለት ሰው «ጳጳስ ነዎት?» ብሎ ጠይቋቸዋል። እሳቸውም «አይደለሁም፣ ግን ልባርክዎት እችላለሁ» ማለታቸውን ሲነግሩን ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ማንም አይጠላውም።