ባሕር ዛፉን የተከልሁት እኔ ነኝ

በቡሬ ዙሪያ በአንድ ቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ ሳለሁ፣ ዝናቡ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው ብዬ ገበሬውን አሳምኛለሁ። ዝናቡ አልቀነሰም ነበር። የቀነሰው በእኔ የዝናብ መለኪያ ውስጥ የሚገባው ውኃ ነው፤ ያስቀነስሁትም ራሴ ነኝ።

መለኪያው በአርሶ አደር ማሠልጠኛው ግቢ፣ በሽቦ አጥር ውስጥ ነበር የቆመው። ሥራው ቀላል ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያለፉት 24 ሰዓታት ዝናብ ተለክቶ ቅጹ ላይ ይሰፍራል። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው፤ በአንድ ቃዳ ማሳ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር ላይ፣ 10 ሚሊ ሜትር ዘነበ ሲባል 25 ሺህ ሊትር ወረደ ማለት ነው። በመለኪያው ላይ የተዛነፈች አንዲት መስመር ማሳ ላይ ስትደርስ ትንሽ አይደለችም። ይህን እያወቅሁ ነው ያጠፋሁት።

በ1999 ዓ.ም. አጥሩን ተከትዬ ባሕር ዛፍ ተከልሁ። ለግቢው ጥላ፣ ኋላም ለአጣናና ለማገዶ ይሆናል ብዬ ነው፤ በእኛ አገር ባሕር ዛፍ የማይተክል ማን አለ? በመለኪያውና በዛፍ መካከል ያለው ርቀት ቢያንስ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ መሆን እንዳለበት በሥልጠና ተነግሮኛል። 10 ሜትር ለሚረዝም ዛፍ 20 ሜትር መራቅ ነው። ችግኙ ግን ያኔ ከጉልበቴ አያልፍም፤ ማደጉን አላሰብሁም። በ2003 ዓ.ም. ቅርንጫፉ መለኪያውን አልፎ ወጥቶ ነበር። ነፋስ እየገፋው ዘንበል ብሎ የሚመጣው የክረምት ዝናብ ቅጠሉ ላይ ይቀራል፤ መለኪያው የተረፈውን ይቀበላል፤ እኔም የተረፈውን እጽፋለሁ።

ሌላም አለብኝ። በረዶ ሲወርድ መለኪያው ውስጥ የገባው ቀልጦ እንደ ዝናብ መለካት አለበት። ክረምታቸው በረዶ በሆነባቸው አገሮችም የበረዶው ጥልቀት ከመለካቱ ሌላ፣ ሲቀልጥ የሚወጣው ውኃ ይመዘገባል፤ አለዚያ ያንዱን ዓመት ክረምት ከሌላው ጋር ማስተያየት አይቻልም። እኔ ግን እስኪቀልጥ መጠበቅ ሰልችቶኝ ደፍቼው የሄድሁበት ቀን አለ። ለስብሰባ ወይም ለገበያ ፍኖተ ሰላም ወርጄ ሳልለካ የዋልሁበትን ቀን ደግሞ ዜሮ ብዬ ሞልቻለሁ። ባዶ መተው ነበረብኝ፤ ዜሮ የሚጻፈው ተለክቶ ዝናብ ሲጠፋ ነው። የሁለቱ ቀን ውኃ ተደርቦ በማግስቱ ስለሚሰፍር፣ መዝገቡን ያየ ሰው አንዱ ቀን ደረቅ፣ ቀጣዩ ዶፍ ነበር ይላል።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኖ ወሎንና ዋግን አደረቀ። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነገረ። እኔም የመዝገቤን ቁጥር በትልቅ ወረቀት ላይ በየዓመቱ ደርድሬ ስብሰባ ላይ ሰቀልሁት፤ ከ2003 ወዲህ ያለው ቁልቁል ይወርዳል። በወሎ የደረሰው ወደ እኛም እየመጣ ነው አልሁ። 160 ቀን የሚፈልገውን ቢኤች 660 በቆሎ ትታችሁ በ145 ቀን የሚደርሰውን ቢኤች 540 ዝሩ አልሁ።

አንድ አዛውንት ተነሡ። «ልጄ፣ ዝናቡስ እንደ ወትሮው ነው። ባለፈው ክረምትም ፈታም ወንዝ ሐምሌን ሙሉ አላሻገረንም» አሉ።

«አባቴ፣ እርስዎ በዓይንዎ ነው ያዩት፤ እኔ ለክቼ ነው» አልኋቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸውም ተቀመጡ።

ከጥፋቴ ሁሉ ይኼኛው ይከብደኛል። ዛፉን ሳላስተውል ተከልሁት ልል እችላለሁ፤ እሳቸውን ያሳፈርሁት ግን እያስተዋልሁ ነው። ምስክርነታቸውም ከእኔ ይሰፋ ነበር፤ ፈታም የሚሞላው ከስንትና ስንት ማሳ ተሰብስቦ ነው፣ የእኔ መለኪያ አፉ ከሳህን አይበልጥም። ብዙዎች 540 ዘሩ። ቶሎ ደረሰ፤ ግን ዝናብ በበቃበት አገር ምርቱ ከ660 ያንሳልና ጎተራቸው ጎደለ።

በ2009 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ መዝገቡን ከአጎራባች ጣቢያዎች ጋር አስተያየው። የእያንዳንዱን የዓመት ዝናብ እየደመሩ ጎን ለጎን ማስኬድ ነው ዘዴው። ዝናብ በእውነት ከቀነሰ በጎረቤትም ይቀንሳልና መስመሩ ቀጥ እንዳለ ይሄዳል። የእኔ 2003 ላይ ታጠፈ። ልጁ አልወቀሰኝም፤ «በዚያ ዓመት መለኪያው ቦታ ቀይሯል ወይ?» አለኝ። አልቀየረም አልሁት። ወደ ግቢው ወጥቶ ቀና ብሎ አየ።

ዛፉ ተቆረጠ። በቀጣዩ ስብሰባ ቆሜ ይህንኑ ተናገርሁ። አንዲት እናት «ታዲያ የእኔ በቆሎስ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። አዛውንቱ ግን አልሰሙኝም፤ ከዚያ በፊት አርፈዋል።

ከ2003 እስከ 2009 ያለው መዝገብ ዛሬም በሰው እጅ ነው። በሪፖርት ገብቷል፤ ተማሪዎችም ለመመረቂያ ጽሑፍ ገልብጠውታል። በዋናው ላይ፣ በየገጹ ጠርዝ፣ «በዛፍ ተጋርዶ የተለካ» ብዬ በቀይ ጽፌያለሁ። በቡሬ ዙሪያ ከአንድ ማሠልጠኛ ግቢ የተወሰደ የእነዚያ ዓመታት ቅጂ ያላችሁ፣ እባካችሁ ከቀደሙት ዓመታት ጋር አታነጻጽሩት።