ከራጉኤል እስከ ራጉኤል

የመርካቶ መንገዶች በአብዛኛው ቀጥ ያሉ ናቸው። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ ሲያዛውር፣ ዛሬ አዲስ ከተማ የምንለውን ሰፈር በመሥመር በመሥመር ሸንሽኖታል። ሸራና ሸቀጥ ካልጋረደው በቀር፣ ከእነዚህ መንገዶች በአንዱ ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው የእንጦጦን ተራራ ያያል። የመርካቶ ሰው ግን ብዙም ቀና አይልም፤ ቀና ያለ ጊዜ ከኋላው ጋሪ ይመጣበታል።

ቀና የሚሉም አሉ፤ ብስክሌተኞቹ።

ብስክሌት በመርካቶ በመጀመሪያ የሥራ ዕቃ ነው። ዕቃ ይላክበታል፣ ሎሌም አህያም ይሆናል። አዲሱ በካርቶን ታሽጎ ይመጣና ሱቁ ደጃፍ ላይ ይገጣጠማል፤ ያገለገለው ከነጭረቱ ገዢ ይጠብቃል። ጎማ የተነፈሰበት ደግሞ ጎሚስታ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ጎሚስታው ከለመዳሪውን አውጥቶ ይነፋዋል፤ የውኃ ሳፋ ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ያስሳል። ሲያገኘው በጣቱ ይዞ ያደርቀዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል፣ ማስቲሽ ይቀባና እስኪደርቅ እፍ ይልበታል። የሚለጥፍበት ቁራጭ ከሌላ ያረጀ ከለመዳሪ የተቆረጠ ነው። በመዶሻ እጀታ ደቅ ደቅ አድርጎ መልሶ ሳፋው ውስጥ ይነክረዋል፤ አረፋ ከሌለ ሒሳብ ይቀበላል። መለጠፍ የማይቻለው ከለመዳሪም አይጣልም። በቀጭን በቀጭኑ ተቀዶ ጭነት ማሰሪያ ይሆናል። የመኪናው ጎማ ደግሞ ምናለሽ ተራ ገብቶ በረባሶ ሆኖ ይወጣል።

ብስክሌት ግን ከሥራ ዕቃነት አልፎ መወዳደሪያም ከሆነ ቆይቷል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ውድድር ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞችም ሄደው ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከእነርሱ አንዱ ነው። የአገራችን ብስክሌት ሲነሣ መቀሌ ቀድማ ትጠራለች፣ ይገባታልም፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይም የዚያች ከተማ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ግን ብዙ ከተሞች የሌላቸው ነገር አላት፤ ከዋናው ገበያዋ ተነሥቶ ጠዋቱ ሳያልቅ ሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ጫካ ውስጥ መግባት ይቻላል።

መነሻው ራጉኤል ይሁን። የመርካቶው ራጉኤል ከታላቁ አንዋር መስጊድ ጋር ተጎራብቶ የቆመ ነው፤ አዛኑና ቅዳሴው በአንድ ሰማይ ስር ይሰማሉ። ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ንጋት 12 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። በሥራ ቀን ከሆነ የጉዞው ከባዱ ክፍል እንጦጦ ሳይሆን መርካቶ ነው፤ አይሱዙ ወደ ኋላ ይመጣል፣ ተሸካሚው ከነጆንያው ያቋርጣል፣ በግራ ሲጠብቁት በቀኝ የሚወጣ ጋሪ አለ። ለዳገት የሚበቃ ጉልበት እዚህ በድንጋጤ ያልቃል።

በጎጃም በረንዳ አድርጎ፣ አትክልቱ በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃን ሜዳ ቢነሣም ስሙ የቀረለትን አትክልት ተራን አልፎ፣ ጊዮርጊስ ይደረሳል። የራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለት በነፃ የሰጠውን አፍንጮ በር ላይ ያስከፍላል። ስድስት ኪሎ ትንሽ ያሳርፋል። ሽሮ ሜዳ ሲደርሱ ሸማው በየሱቁ ተሰቅሎ ይታያል፤ መርካቶ ሸማ ተራ ያዩት ነጭ ጥበብ እዚህ ከሸማኔው እጅ ብዙም ሳይርቅ ይሸጣል። ከሽሮ ሜዳ በኋላ ጨዋታ የለም። መንገዱ አስፋልት ነው፣ ግን ሽቅብ ቆሞ ይጠብቃል። ማርሹ እስከ መጨረሻው ይቀላል፣ ወሬው ይቆማል፣ ከፊት ያለው ጓደኛ ጀርባ ብቻ ይታያል። ወርዶ መግፋት አያሳፍርም፤ እኔ ብዙ ጊዜ ገፍቻለሁ፣ የሚገፋ ሰው ደግሞ የበለጠ ያያል።

የሚያየውም ሴቶቹን ነው። ብስክሌተኛው ሲወጣ እነርሱ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ሸክሙ ከትከሻቸው ሰፍቶ ግራና ቀኙን የመንገዱን ዳር ይይዛል። አጎንብሰው ስለሚሄዱ ከፊታቸው የሚያዩት ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። ለእነርሱ ደወል አይደወልም። ይቆማል፣ ያልፋሉ፣ «በርቱ እናቶቼ» ይባላል። ያ ቅጠል የብዙ ቤት እንጀራ ጋግሯል። አጣናው ደግሞ መርካቶ አጣና ተራ ወርዶ የሕንፃ መወጣጫ ይሆናል። ተራራው ለመርካቶ እንግዳ አይደለም ማለት ነው፤ በየቀኑ በሰው ጀርባና በመኪና ተጭኖ ይመጣል።

ጫካው ራሱ ከከተማዋ በዕድሜ አይበልጥም። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ የአካባቢው እንጨት እያለቀ ነበር፤ ብርዱም አስመርሯቸዋል። ከፍልውኃው አጠገብ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች፣ የማገዶው ችግር ግን ተከትሏት ወረደ፤ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መምጣት ደርሶ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ደርሶ ከተማዋን በቦታዋ አስቀራት። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ለብስክሌት ግን ክፉ ወዳጅ ነው፤ የተላጠው ልጡና የረገፈው ቅጠሉ ጎማ ስር ያንሸራትታል፣ በተለይ ዝናብ ካካፋ።

ላይ እንጦጦ ማርያም አለች፤ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡባት። ከእርሷ ብዙም ሳይርቅ ሁለተኛው ራጉኤል፣ የእንጦጦው። በዚህ ከፍታ አንድ ትንፋሽ የሚሰጠው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚሰጠው በሲሶ ገደማ ያንሳል፤ አዲስ አበቤ ቀድሞም በቀጭን አየር ያደገ ነውና ከፈረንጁ ይሻላል እንጂ ማለከለኩ አይቀርለትም። ሸንተረሩ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ወደ ደቡብ የወረደው ዝናብ በቀበናና በቀጨኔ አድርጎ አቃቂ፣ ከዚያ አዋሽ ይገባል፤ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል እንጂ ባሕር አይደርስም። ወደ ሰሜን፣ ወደ ሱሉልታ የወረደው ሙገርን ይዞ ከዓባይ ጋር እስከ ሜዲትራንያን ይጓዛል። የብስክሌቱ የፊት ጎማ ዓባይ ላይ፣ የኋላው አዋሽ ላይ የሚቆምበት ቦታ አለ።

ወደ ተራራው የሚያወጣው ሁለተኛው በር የጎጃሙ መንገድ ነው፤ ከጎጃም በረንዳ በአዲሱ ገበያ አድርጎ ሱሉልታ ይወርዳል። የጎጃም እህል መርካቶ የሚገባው በዚህ ነው። ዳገቱ ከሽሮ ሜዳው ይለዝባል። በስተግራ 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል አለ፤ ባሕር ዛፍ የሰለቸው ሰው አገር በቀሉን ጽድና ኮሶ እዚያ ይይ። ነገር ግን ይህን መንገድ ለጀማሪ አልመክርም። የደርባን ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ ቁልቁል ሲመጣ ለብስክሌተኛ ቦታ አይተውም።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የመንጃና የእግር መንገዶች አሉት፣ ጥሩም ናቸው። ሰው ግን ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ ወጥቶ ሜዳ ሜዳውን ዞሮ ሲመለስ ሳይ ይቆጨኛል። ብስክሌት የሚነዳው ሕዝብ ከታች ነው፤ ከመርካቶ እስከ ሽሮ ሜዳ ሳይቆራረጥ የሚያደርስ የራሱ መንገድ ቢኖረው የምናለሽ ተራው ልጅም ፓርኩን የራሱ ያደርገው ነበር። በኮሪደር ልማቱ መንገዶች ላይ የብስክሌት መሥመር የሚቀቡት ሰዎች ይህን መሥመር ቢያስቡበት መልካም ነው።

እስከዚያው የሚወጣ ይውጣ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ከጨለማ በፊት ውረዱ፣ ለነፋሱ ሹራብ፣ ለጎማው ትርፍ ከለመዳሪና መንፊያ ያዙ። ሲወጡ ያደከመው ዳገት ሲወርዱ ፍሬን ይበላል። ስለዚህ ፍሬናችሁን መርካቶ እያላችሁ አስፈትሹ፤ ጫካው ውስጥ ጎሚስታ የለም።