ከመንገድ ላይ ውሻ ወስዳችሁ ለማሳደግ አስባችኋል?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር አይደለም፤ ስለ ውሻ ነው። «ዶክተር ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ሆነች እንዴ?» እንዳትሉኝ። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት የራሳችሁና የልጆቻችሁ ጤና ጉዳይ መሆኑን ታዩታላችሁ።

ነገሩን ያነሳሳችው ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ የምትኖረው እህቴ ናት። በቅርቡ ግሬይሀውንድ የሚባል ዝርያ ውሻ ወስዳ ማሳደግ ጀመረች። ግሬይሀውንድ ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ውሻ ነው። በአውስትራሊያ፣ በእንግሊዝና በአየርላንድ በውድድር ይሮጣል፤ ሰውም ገንዘብ ይወራረድበታል። ብዙዎቹ ገና በጥቂት ዓመታቸው ከውድድር ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ዕድሜ ይቀራቸዋል። ለእነዚህ ቤት የሚፈልጉ ማኅበራት አሉ።

እህቴ ታዲያ ገበያ ወጥታ በግ እንደምትገዛ ውሻውን ይዛ አልመጣችም። መጀመሪያ ማመልከቻ ሞላች። ቤት ውስጥ ሕፃን አለ ወይ? ድመት አለ ወይ? አጥሩ ምን ያህል ነው? በቀን ስንት ሰዓት ብቻውን ይውላል? ተባለች። ሰው መጥቶ ቤቷን አየ። ውሻው ከመሰጠቱ በፊት ተከትቧል፣ የትል መድኃኒት ወስዷል፣ ተኮላሽቷል፣ መለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ ቺፕ ከቆዳው ሥር ገብቶለታል። በመጨረሻም ማሳደግ ካቃታት ለማኅበሩ እንደምትመልሰው ፈረመች። «ልጅ በማደጎ የምወስድ ነው የመሰለኝ!» ብላ ሳቀች።

እኔ ግን ዝርዝሩን አንድ በአንድ ጠይቄ ጻፍኩት። ምክንያቱም እዚህ ዱብቲ፣ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ በር ላይ፣ አንዲት ቡናማ ውሻ መተኛት ከጀመረች ሳምንት ሆኗት ነበር። ዱብቲን የምታውቁ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፤ በሰኔ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ጥላና ውሃ ያገኘ እንስሳ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። የአከራዬ ልጆች «ቡኒ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ ስም ከወጣ ደግሞ ነገሩ አልቋል።

ለምን እንደተጠነቀቅኩ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በሌላ አካባቢ ስሠራ አንድ ልጅ ወደ ድንገተኛ ክፍል መጣ። ውሃ ሲቀርብለት ጉሮሮው ይኮማተራል፣ ነፋስ ፊቱን ሲነካው በድንጋጤ ይንቀጠቀጣል። ቤተሰቡን ስንጠይቅ «ያበደ ውሻ አልነከሰውም» አሉን። በኋላ እናቱ አንድ ነገር አስታወሰች። ከሁለት ወር በፊት ልጁ ከመንገድ ቡችላ አምጥቶ ነበር። ሲጫወቱ ጣቱን በጥርሷ ጫር አድርጋዋለች። ከቀናት በኋላ ቡችላዋ ሞተች፤ ርሃብ የገደላት መስሏቸው ቀበሯት። ልጁን ማትረፍ አልቻልንም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለውም።

ያ ልጅ ለተራበች ቡችላ አዘነ፤ ማዘኑ ደግሞ መልካም ነው። የጎደለው በእሱና በቡችላዋ መካከል ቆሞ የሚያጣራ ሰው ነበር። ሜልቦርን ውስጥ ይህን ሥራ ማኅበሩ ይሠራል። እኛ ጋ ውሻውን የሚወስደው ሰው ራሱ ማኅበሩን መሆን አለበት። እኔ ለቡኒ ያደረግኩትን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

1. ግቢውን መጠየቅ። አከራዬ አፋር እናት ናቸው። «ዶክተር፣ ውጭ ትሁን፤ ቤት ግን አትግባ» አሉኝ። በእስልምና ውሻ አፉን ያስገባበት ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል። የአፋር አርብቶ አደርም ውሻን ለመንጋው ጥበቃ ያኖረዋል፤ ቦታው ግን ውጭ ነው። በሕክምና ዓይን ሳየው ሐሳባቸው ልክ ነው፤ ተስማማን።

2. ከልጆች መለየት። ምግብና ውሃ አስቀምጬላት እርቅ ነበር እንጂ አልደባብሳትም። ልጆቹም እንዳይቀርቧት አደረግን። ድንገት ጠባይዋ ቢለወጥ፣ ለሃጯ ቢዝረበረብ፣ መንጋጋዋ ቢወድቅ፣ ያለ ምክንያት ብትናከስ አደገኛ ምልክት ነው። በሽታው ሁልጊዜ በቁጣ አይመጣም፤ ዝም ብሎ ጥግ የሚይዝ፣ የሚፈዝ ውሻም አለ። ቡችላም ይይዘዋል።

3. ማስከተብ። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ከተባት፤ እሱ ራሱ በሥራው ምክንያት አስቀድሞ የተከተበ ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያ ሐኪሙ በሚሰጣችሁ ቀጠሮ ይቀጥላል። ይህን ግን ልብ በሉ፦ ክትባቱ አስቀድሞ የገባን ቫይረስ አያድንም። ቫይረሱ በውሻው ውስጥ ለሳምንታት፣ አልፎም ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የተከተበች ዕለት ነጻ ሆነች አላልንም። ስድስት ወር ሙሉ ልጆቹ አልነኳትም።

4. የትል መድኃኒት። ለአረፋ ወይም ለፋሲካ ስታርዱ፣ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱን ውሻ በጥሬው ከበላ በአንጀቱ ውስጥ ትል ያፈራል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። በእጅ ወይም በምግብ ወደ ሰው ሲገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ይሠራል፤ ለቀዶ ሕክምናም ያበቃል። ሃይዳቲድ የምንለው ይህ ነው። እንዲህ ያለውን ሥጋ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ውሻ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

5. ማምከን። ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። አንዷን አሳድጋችሁ ስድስት ቡችላ መንገድ ላይ ከጣላችሁ ምን ተሠራ?

6. መመለሻውን ማሰብ። ሐኪም ነኝ፤ ነገ ዝውውር ወይም የስፔሻሊቲ ትምህርት ሊመጣ ይችላል። እኔ ስሄድ ቡኒ የማን ናት? ከሁሉም የከበደኝ ጥያቄ ይህ ነበር። ሰው የለመደ ውሻ ተመልሶ መንገድ ላይ ሲጣል መኖር ይቸግረዋል፤ ሰውን ስለማይፈራም ልጆችን ይቀርባል።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ተደርጎም ውሻ ቢነክሳችሁ ወይም ቢጭራችሁ፣ ያሳደጋችሁት ቢሆንም፣ ወዲያው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ይህ ቀላል ነገር ሕይወት ያድናል። ቅጠል አትጠቅጥቁበት። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። በሀገራችን ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ፣ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ስለነበር ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ይፈራዋል። አሁን የሚመከረው ዘመናዊው ክትባት ክንድ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በ4 ወይም በ5 ቀጠሮ ይሰጣል። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ከደማ ቁስሉ አካባቢ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒትም አለ። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ክትባቱን ግን አያስቀርባችሁ። የነከሰው ውሻ የሚታወቅ ከሆነ አስራችሁ 10 ቀን ተከታተሉት። እስኪያልፍ ብላችሁ ግን ሕክምናውን አታዘግዩ፤ ውሻው በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቆመው ይችላል።

በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ብዙዎቹ በአፍሪካና በእስያ ናቸው፣ ከእነሱም ውስጥ ብዙ ልጆች አሉ። ሰውን ከሚይዘው ውስጥ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ግን በሽታው መዛመቱን ያቆማል። ማለትም አንድ የመንገድ ውሻ ወስዳችሁ ስታስከትቡ የሠፈራችሁን ልጆች ሁሉ እየጠበቃችሁ ነው።

ያን ስድስተኛውን ጥያቄ ለአከራዬ አንስቼላቸው ነበር። ቡኒ አሁን ሌሊት ፍየሎቻቸው አጠገብ ነው የምትተኛው። ትንሽ አሰቡና «አንቺ ብትሄጂም እሷ የግቢው ናት፤ የክትባቱን ቀን ብቻ ጽፈሽልኝ ሂጂ» አሉኝ። ቀኑን ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ፤ በር ላይ ተለጥፏል።

ለሌሎችም አጋሩ።