የሯጮች አገርና የውሃ ፍርሃት

በዚህ ገጽ ዘወትር የምንወያየው ስለ ሥልጣን፣ ስለ ሕግና ስለ ኑሮ ውድነት ነው። ዛሬ ግን ስለ ዋና፣ ስለ ብስክሌትና ስለ ሩጫ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። «ጸሐፊው ፖለቲካ ሰለቸው» ብላችሁ ለመሄድ አትቸኩሉ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ሰውነቴን ለአንድ ረጅም ውድድር ሳዘጋጅ የተማርሁት ነገር ቢኖር፣ አንድ ሰው መዋኘት መቻሉም ሆነ አለመቻሉ፣ ለመሮጥ ትርፍ ሰዓት ማግኘቱም ሆነ ማጣቱ፣ ከፖለቲካ የራቀ ጉዳይ አለመሆኑን ነው።

ውድድሩ ትራያትሎን ይባላል። በአንድ ቀን መጀመሪያ ይዋኛል፣ ቀጥሎ በብስክሌት ይጓዛል፣ በመጨረሻም ይሮጣል። ረጅሙ ርቀት 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.195 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ማራቶን ብቻውን ለስንቱ የዕድሜ ልክ ሕልም በሆነበት ዓለም፣ እዚህ ግን ማራቶን የሚመጣው እንደ ማሳረጊያ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከሃዋይ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ጆን ኮሊንስና ባለቤቱ ጁዲ፣ ከዋናተኛ፣ ከብስክሌተኛና ከሯጭ ብርቱው ማን ነው የሚለውን የወዳጆች ክርክር ለመቋጨት፣ በኦዋሁ ደሴት ለየብቻ ይካሄዱ የነበሩ ሦስት ውድድሮችን በአንድ ቀን ገጣጠሙ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1978 አሥራ አምስት ሰዎች ጀምረው አሥራ ሁለቱ ጨረሱ። ቀዳሚው ጎርደን ሃለር 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ፈጀበት። አጭሩ ርቀት እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ገባ። ረጅሙ ግን እስከ ዛሬ በአብዛኛው የአማተሮች፣ ማለትም ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራቸው የሚመለሱ ሰዎች ውድድር ነው። እኔ የተመዘገብሁበት የፍራንክፈርቱ ሲሆን፣ ዋናው የሚካሄደው ከከተማዋ በስተደቡብ ባለው የላንገን ሐይቅ፣ ሩጫው ደግሞ በማይን ወንዝ ዳርቻ ነው። የተፈቀደው ጊዜ 15 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ የቆየ፣ እንዳልጨረሰ ይቆጠራል።

ይህን በስልክ ለእናቴ ባጫወትኋት ጊዜ ለአፍታ ዝም ብላ፣ «ለመሆኑ ማን አባረረህ ልጄ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ብር እንደሚከፈለኝ ጠየቀች። ከፋዩ እኔው መሆኔን ስነግራት፣ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብላ ዘጋችው። ጥያቄዋን ግን እንደ ቀልድ አላለፍሁትም። ኮምቦልቻ ሳለሁ ሰው የሚሮጠው ወይ ድሃ ሆኖ በእግሩ እንጀራ ሊያበስል፣ አለዚያም አንዳች ነገር አባሮት ነው። ለደስታው ብሎ፣ ያውም አርባ ዓመት አልፎት የሚሮጥ ሰው በእናቴ ዓለም ውስጥ የለም። አማተር የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሆኖ ትርጉሙ «የሚወድድ» ማለት ነው። ነገር ግን ለመውደድም ጊዜ ያስፈልጋል።

የእኔ ዝግጅት በሳምንት ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። በአየር ማረፊያ የጭነት ክፍል በፈረቃ የምሠራ ሰው ነኝና ይህን ሰዓት ከየት አመጣኸው ብትሉኝ፣ መልሴ ከጥንካሬዬ ነው የሚል አይሆንም። በጀርመን የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የጸናው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1918፣ ከጦርነቱ ሽንፈትና ከአብዮቱ ማግሥት፣ ሠራተኞች ታግለው ነው። እኔ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ከፈረቃዬ ወጥቼ ብስክሌቴ ላይ ስወጣ የምነዳው እነሱ ባወረሱኝ ሰዓት ነው። ባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እህቴ፣ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶባታል። በጉልበትና በጽናት ከእኔ እንደማታንስ አውቃለሁ። ልዩነታችን በሕግ የተጠበቀ ትርፍ ሰዓት ነው። እንግዲህ ስፖርት የፈቃድ ጉዳይ ብቻ ነው ለሚሉ ወገኖች ይህችን ላስታውስ እወዳለሁ።

ወደ ልምምዱ ልመለስ። አገሩን በሯጮች ለሚያውቅ ሰው የሚያስገርመው፣ አብዛኛው ልምምድ በዝግታ የሚከናወን መሆኑ ነው። ሰውነት ስብን ማቃጠል፣ ልብም በአንድ ምት ብዙ ደም መርጨት የሚለምዱት ለወራት በሚደጋገም ቀላል ሥራ ነው። እያወራ መሮጥ የማይችል ሰው ለዚህ ርቀት ፈጥኗል ማለት ነው። ፈጣን ልምምድ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ይበቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ያህል በብስክሌት በቬተራው ኮረብታዎች መካከል እጓዛለሁ። ከኮርቻው እንደ ወረድሁም ጫማ ቀይሬ ወዲያው ግማሽ ሰዓት እሮጣለሁ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች እግር የሰው እግር ይመስላል። ፔዳል የለመደው ጡንቻ መሬት መርገጥን እንደ አዲስ ይማራል። ይህን ሽግግር ደጋግሞ ያልተለማመደ፣ በውድድሩ ቀን ማራቶኑን ገና ሲጀምረው ይሰናከላል።

ሌላው ፈተና ምግብ ነው። በረጅም ጉዞ በየሰዓቱ ከ60 እስከ 90 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ ከጨውና ከውሃ ጋር ካልገባ፣ በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስንቅ ያልቅና ሰውነት ይከዳል። ገበያው በደማቅ ወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ ሞልቶበታል፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። እኔ የዘንድሮን ሁዳዴ 55 ቀን እየጾምሁ ስለማመድ የከረምሁት ግን በበሶ ነው። የተቆላ ገብስ ዱቄት በጨውና በስኳር ታሽቶ፣ እንደ እንቁላል እየተድቦለቦለ በኪስ ይያዛል። አባቶቻችን ለዘመቻና ለሩቅ ጉዞ የያዙት ስንቅ፣ በሄሰን ኮረብታዎች ላይም አላሳፈረኝም።

ብስክሌቱም ሩጫውም በትዕግሥት የሚገፋ ነገር ነው። ለእኔ ዋናው ተራራ ግን ውሃው ነበር። እኔ ያደግሁት ቦርከና ወንዝ አጠገብ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ደፍርሶ ይወርዳል፤ እኛ ልጆችም ስለ ውሃ የተማርነው አንድ ትምህርት ብቻ ነበር፦ አትጠጉት። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ተረቱ ሳይቀር ይነግረናል። ይህ ምክር በሕይወት አቆይቶን ይሆናል። ነገር ግን ፍርሃትን እንጂ ዋናን አላስተማረንም። ጎልማሳ ሆኜ ፍራንክፈርት ውስጥ ገንዳ ስገባ ወገቤ ላይ በሚደርስ ውሃ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሠልጣኛችን የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ያሳለፈችው መተንፈስን በማስተማር ነው። የሚፈራ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፤ የያዘ ሰው ደረቱ ይጨነቃል፣ አንገቱን ያቀናል። ራስ ወደ ላይ ሲወጣ እግር ወደ ታች ይሰምጣል። መፍትሔው ፊትን ውሃ ውስጥ ከትቶ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ማውጣት ነው። ሰምጬ እቀራለሁ ብሎ የሚጮኽ አእምሮን በዚህ ማሳመን ቀላል አይደለም። በአጠገባችን ባለው መም የስድስት ዓመት ሕፃናት «የባሕር ፈረስ» ለሚባለው የመጀመሪያ መለያ ይፈተኑ ነበር። ከዳር ዘልለው ይገባሉ፣ 25 ሜትር ይዋኛሉ፣ ትከሻቸው በሚደርስ ጥልቀት ከወለሉ ላይ ዕቃ ያወጣሉ። ያለፈ ልጅ በዋና ልብሱ ላይ የሚሰፋ ትንሽ ጨርቅ ይሰጠዋል። እኔ ያን ርቀት ያለ ዕረፍት ለመዋኘት አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ዛሬ 4 ኪሎ ሜትር እዋኛለሁ። ፍርሃቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ እየተነፈስሁ ማለፍ ግን ችያለሁ።

የእነዚያ ሕፃናት መለያ ከየት እንደ መጣ ስመረምር ያገኘሁት ታሪክ አሳሰበኝ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1912 በባልቲክ ባሕር፣ በሩገን ደሴት፣ ቢንስ በተባለች ከተማ የመርከብ መሳፈሪያ ድልድይ ተደርምሶ ከአሥር በላይ ሰዎች ሞቱ። በዘመኑ መዋኘት የሚያውቅ ጀርመናዊ ጥቂት ነበር። ከአደጋው በኋላ፣ በኦክቶበር 1913፣ በላይፕሲግ የጀርመን የሕይወት አድን ማኅበር ተቋቋመ፤ ሥራውም ሰውን ማዳን ብቻ ሳይሆን መዋኘትን ለሕዝብ ማስተማር ሆነ። ይህ ሕዝብ ከውሃ ጋር የተወለደ ሕዝብ አልነበረም። ሙታኑን ከቀበረ በኋላ፣ «ዕጣ ፈንታቸው ነው» ብሎ አላበቃም። ለምን ሞቱ ብሎ ጠየቀ፣ ለጥያቄውም ተቋም አቆመ።

እኛስ? የአክስቴ ልጅ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ከወሎ ወጥቶ በጅቡቲ በኩል ወደ የመን ለመሻገር ከኦቦክ በጀልባ መሣፈሩን የሰማነው አብሮት ከተጓዘ ጓደኛው ነው። ጀልባዋ ከዳር ሳትደርስ ተገለበጠች። ጓደኛው መዋኘት ያውቅ ነበር፤ እሱ ግን አያውቅም። አስከሬን ስላልተገኘ አክስቴ እስከ ዛሬ ድንኳን አልጣለችም፣ ስልኳንም ሌሊት አታጠፋም። ይህ የአንድ ቤት ታሪክ አይደለም። በኦገስት 2025 መጀመሪያ ከ150 በላይ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ኢትዮጵያውያን፣ የጫነች ጀልባ በየመኗ አብያን አቅራቢያ ሰጥማ ከ60 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ጥቂት ቀን አዘንን፣ ደላላውን ረገምን፣ ቀጠልን። ዋና ቢያውቁ ኖሮ ሁሉም ይተርፉ ነበር ማለቴ አይደለም። በጨለማ ባሕር መካከል ዋና የሚያደርሰው ውስን ነው። ዋናው ጥያቄ ለምን ተሰደዱ የሚለው መሆኑንም አልዘነጋሁም። ነገር ግን ከየቤታችን የሚወጣ ልጅ ውሃ ላይ እንደሚጓዝ እያወቅን፣ ውሃን ሳናስተምረው መላካችን ሊከነክነን ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ዋናተኛችን ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ማጣሪያ 59ኛ ሆኖ ሲጨርስ ዓለም በሰውነቱ ሳቀበት። እኛ ደግሞ አባቱ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ናቸው ብለን ተቆጣን። ምርጫው እንዴት ተካሄደ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነበር፤ በሰው ገላ መሳለቅ ግን አልነበረም። ከሁለቱም ይልቅ የጎደለው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፦ በዚያ ውድድር ልጃቸውን ያሠለፉ ሌሎች አገሮች ያሏቸውን ያህል፣ ለድሃ ልጅ ክፍት የሆነ ገንዳ የት አለን? ጣና፣ ሐዋሳ፣ ላንጋኖና የቢሾፍቱ ሐይቆች እያሉን፣ ዋና በከተሞቻችን የሆቴል መዝናኛ ሆኖ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. ከ2023 መጸው ወዲህ ስለ ባሕር በር ያልተናገረ ባለሥልጣን፣ ያልተከራከረ ምሁር የለም። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ወደብ ያስፈልጋታል አያስፈልጋትም፣ በምን መንገድስ ታገኛለች የሚለውን ለሌላ ቀን ላቆየው። ዛሬ የምለው አጭር ነው። ባሕርን በካርታ ላይ ብቻ የሚያውቅ፣ ልጆቹን 25 ሜትር ማዋኘት ያላስተማረ አገር፣ ከባሕር ጋር ያለው ዝምድና የንግግር ዝምድና ነው።

«ኢትዮጵያዊ የተፈጠረው ለሩጫ ነው» የሚሉኝ ወዳጆችም አልጠፉም። ለእነሱ አበበ ቢቂላን አስታውሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ፣ በ1970 በእንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል በቀስት ውርወራ፣ በ1971 ደግሞ በኖርዌይ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ ተወዳድሯል። በሮምና በቶኪዮ ያሸነፈው ሰው ለአንድ ነገር ብቻ ተፈጥሬያለሁ አላለም። እኛም ስለ ራሳችን እንዲህ የምንልበት ምክንያት የለንም። ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ ከመቀሌ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ብስክሌተኛ ሲሆን ያሳየን ይህንኑ ነው።

ውድድሬ በመጪው ሰኔ ነው። ከ15 ሰዓት በፊት ብጨርስ ደስ ይለኛል፤ ባልጨርስም ማንም አላባረረኝምና አላዝንም። በዚያ ሐይቅ ላይ ለእኛ ለሁለትና ሦስት ሺህ ጎልማሶች ሲባል የሕይወት አድን ጀልባዎች ከዳር እስከ ዳር ይቆማሉ። እጁን ላነሣ ሰው በደቂቃ ይደርሱለታል። ይህ ጥንቃቄ ለመዝናናት ለገባ ሰው ካልበዛበት፣ ተቸግሮ ባሕር ለሚሻገር የወሎ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ሳለ አንድ የዋና አስተማሪ ቢመደብለት አይበዛበትም። ከባሕር ዳርና ከሐዋሳ መጀመር ይቻላል። ሐይቁ አለ፣ ልጆቹ አሉ፣ ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችም አሉ። የቀረው የሚመለከተው ባለሥልጣን ጉዳዩን በበጀት መዝገቡ ላይ ማስፈሩ ነው፤ እኛም እስኪያሰፍረው ድረስ መወትወታችን።

ቸር እንሰንብት።