«አባባ፣ ማንን መረጡ?» ብዬ ጉድ ሆንኩ

መቼም የአዲስ አበባ ልጅ ከአስኮ ወዲያ ያለውን አገር የሚያውቀው በአምቦ ውሃ ጠርሙስ ነው፡፡ እኔም ከዚያ አልበልጥም ነበር፤ እጮኛዬ ባለፈው ጥቅምት አንድ እሁድ «ቤተሰቦቼ ይዩህ» ብላ አዲስ ዓለም እስክትወስደኝ ድረስ፡፡

ሆለታን አልፋችሁ ትንሽ ስትሄዱ አለች፡፡ ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፡፡ ዋና ከተማ ልትሆን ታጭታ ሳትዳር የቀረች ከተማ ናት! አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ሲያልቅባት፣ ቤተ መንግሥት አስጀመሩባት፡፡ በኋላ ባህር ዛፍ ደረሰና አዲስ አበባ ተረፈች፡፡ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፡፡ እስከ ዛሬ ኮረብታው ላይ አለ፡፡

ወደ ጉዴ ልመለስ፡፡ ጭኮ ቀረበ፣ እርጎ ቀረበ፣ ቡናው ተፈላ፡፡ ጎረቤትም ገብቷል፡፡ እኔ ታዲያ ጋዜጣ የማነብ፣ አገር የማውቅ ልምሰል ብዬ፣ «ለመሆኑ አባባ፣ እዚህ አገር ሰዉ ወደ ማን ያደላል? እርስዎስ ማንን ነበር የመረጡት?» አልኩ፡፡

ቤቱ ጸጥ! እጮኛዬ እግሬን ረገጠችኝ፡፡ እናቷ «ጀበናው ገነፈለ» ብለው ተነሱ (አልገነፈለም)፡፡ ጎረቤቱ ስኒውን ሳይጨርስ «በሉ ደህና ዋሉ» አለ፡፡

ትንሽ ቆይተው አባቷ ጋቢያቸውን አጣፉና «ተነስ፣ ማርያምን ላሳይህ» አሉኝ፡፡ አለቀልኝ አልኩ፡፡ ሽቅብ እየወጣን ብዙ ዝም አሉ፡፡

«ኢልማ ኮ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ግንቦት 7 ቀን 1997 ከጎህ ጀምረን ሰልፍ ቆምን፡፡ ትልቁ ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፣ ንብ ይለኛል፡፡ ትንሹ ደግሞ ከሩቅ ሁለት ጣቱን ያወጣልኛል፡፡» (ለታናናሾቻችን፦ ንብ የኢሕአዴግ፣ ሁለት ጣት የቅንጅት ምልክት ነበር፡፡ በምዕራብ ሸዋ ደግሞ እነ ዶክተር መረራ ጉዲና በኅብረት ስር ሆነው ቀርበው ነበር፤ ዶክተሩም ተመርጠዋል፡፡)

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ግርግር መጣ፡፡ ትንሹ ታሰረ፡፡ ትልቁ ሰው እያወቀ አላስፈታውም ተባለ፡፡ እሱ ግን አልችልም ነበር ነው የሚለው፡፡ ይኸው እስከ ዛሬ ከአንድ መሶብ አይበሉም፡፡ ሁለቱም አባዬ የመረጠው የኔን ነው ይላሉ፡፡ እኔ ደግሞ ለሚስቴም አልተናገርኩም፡፡ ብናገር አንዱን ልጄን አጣለሁ፡፡»

እኔ የማወቅ ጉጉት ያልኩት ነገር ለካ እዚያ ቤት ቁስል ኖሯል!

እዚህ ላይ እኔም ያሰብኩትን ልናገር፡፡ እኛ ከተሜዎች የአንድን ከተማ ዝንባሌ ከውጤት እናነባለን፡፡ በ1997 ዓ.ም. ተቃዋሚዎች ከ547ቱ የፓርላማ ወንበር ከ170 በላይ አገኙ፡፡ በ2002 ሁለት ሲቀር ሁሉም የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ፡፡ በ2007 ሁለቷም አልቀረች፤ 547 ከ547! የሰው ልብ እንዲህ ይገለበጣል እንዴ? ደግሞ ቀኑን ተመልከቱ፡፡ ያ ምርጫ የተደረገው ግንቦት 2007 ነው፡፡ በስድስት ወሩ፣ ኅዳር 2008 ላይ፣ ከአዲስ ዓለም ቀጥላ ያለችው ጊንጪ ተነሳች፡፡ አምቦማ ከዚያ በፊት፣ ሚያዝያ 2006፣ በማስተር ፕላኑ ጉዳይ ልጆቿን ቀብራ ነበር፡፡ በ2013 ደግሞ ኦፌኮም ኦነግም ሳይወዳደሩ ቀሩ፤ እዚህ አካባቢ የብልጽግና አምፖል ብቻውን በራ ማለት ይቻላል፡፡ ታዲያ ከዚህ ውስጥ የትኛው ቁጥር ነው የአዲስ ዓለምን ሰው ሆድ የሚነግረን? እኔ የትኛውም አይመስለኝም፡፡

ወንበሩን የሚወስደው ብልጫ ድምፅ ያገኘው ብቻ ነው፤ የተሸነፈው ድምፅ ግማሽ ሊሞላ ቢቃረብም ወንበር ላይ አይታይም፡፡ እና ሰው ፊት ጠይቃችሁ አታገኙትም፡፡

ሽማግሌው ራሳቸው አስተማሩኝ፡፡ «ሰው ማወቅ ከፈለግህ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ጠይቅ፡፡ መሬቱ በማን ስም እንደሆነ ጠይቅ፡፡ ልጁ ተምሮ ሥራ አግኝቶ እንደሆነ ጠይቅ፡፡ ያን ጊዜ ሳታስበው ሁሉንም ይነግርሃል፡፡ ቀበሌ ድረስ ሄዶ የሚለምነው ነገር ያለው ሰው ግን ማንን መረጥክ ስትለው የላከህ ማነው ብሎ ነው የሚያስብ፡፡» ለአማች ቤት የምትሄዱ ወንድሞቼ፣ ይህቺን ያዟት!

ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደርሰን ተሳለምን፡፡ ቁልቁል ከተማዋ ትታያለች፤ ቆርቆሮ፣ ባህር ዛፍ፣ ከዳር እስከ ዳር የቢጫ ጤፍ ማሳ፡፡ አባባ በከዘራቸው ት/ቤቱን አሳዩኝ፤ ያን ቀን የመረጡበት ነው፡፡ «መጋረጃው ጀርባ እኔና እግዜር ብቻ ነበርን» አሉ፡፡ ከዚያ ዞር ዞር ብለው አዩና ጠጋ ብለው በጆሮዬ አንድ ቃል ተናገሩ፡፡

ደነገጥኩ፡፡ ከገመትኩት ሁሉ የተለየ ነበር፡፡

«እኔ ስሞት ለሁለቱም ትነግራቸዋለህ፡፡ አማች የሚያስፈልገው ለዚህ ነው» ብለው ቀድመውኝ ቁልቁለቱን ጀመሩ፡፡

ማታ ሚኒባስ ውስጥ ሆለታን ስናልፍ እጮኛዬ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ «እንዴት ነው፣ ተቆጣህ እንዴ አባዬ? ምን አለህ?» አለችኝ፡፡

«ስለ ባህር ዛፍ ነው ያወራነው» አልኳት፡፡