የማይቀበር ወርቅ

ፎርት ስኔሊንግ አሜሪካ ውስጥ የሚሲሲፒና የሚኒሶታ ወንዞች ከሚገናኙበት ገደል አፋፍ ላይ የቆመ የድንጋይ ምሽግ ነው። የአሜሪካ ጦር በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሠራው፤ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ዳኮታዎች ግን ስፍራውን ከዚያ በፊትም ብዶቴ ብለው ያውቁታል። ከምሽጉ ራቅ ብሎ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ያረፈበት የወታደሮች መካነ መቃብር አለ።

ከግንቡ ጥላ ሥር አንዲት የሀገሬ እናት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ቆመዋል። ነጠላቸው ሸርተት ሲል ዓይኔ ጉትቻቸው ላይ ቀረ። ክብ ነው፤ ጠርዙን የተጠማዘዘ ቀጭን የወርቅ ሽቦ ይዞረዋል፤ መሐሉ ከጤፍ ብዙም በማይበልጡ የወርቅ ፍሬዎች ተሞልቷል።

«እማማ፣ የት አሠሩት?»

«ጎንደር። የእናቴን አምባር አስቀልጬ ነው።»

የጥንት ግሪኮችም በሽቦና በፍሬ ነበር የሚራቀቁት። ሽቦ መሳቢያ ስላልነበራቸው ወርቁን ቀጥቅጠው በቀጭኑ ይቆርጡና ጠምዝዘው ያድቦለቡሉታል። ለፍሬው ደግሞ ቁርጥራጭ ወርቅ በከሰል ዱቄት ውስጥ ያግላሉ፤ ሲቀልጥ በራሱ ጊዜ ይድቦለቦላል። ጭንቁ ማያያዙ ላይ ነው። የመዳብ ማዕድን ፈጭተው ከሙጫ ጋር ይለውሱና ፍሬውን በቦታው ይለጥፉታል። እሳት ሲነካው ሙጫው ይከስላል፤ መዳቡ ከወርቁ ጋር ይዋሃዳል። ንጹህ ወርቅ የሚቀልጠው በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ውህዱ ግን ቀድሞ ስለሚቀልጥ ፍሬው ቅርጹን ሳያጣ ይበየዳል። ይህ ዘዴ ለዘመናት ተረስቶ ቆይቶ፣ ሊትልዴል የተባለ እንግሊዛዊ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዳግም ሠርቶ አሳየው።

ዛሬ በየሙዚየሙ ከምናየው የግሪክ ጌጥ አብዛኛው የወጣው ከመቃብር ነው፤ ከሟች ጋር ባይቀበር ኖሮ ቀልጦ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። እኛ ዘንድ ወርቅ ለልጅ ይተርፋል። ልጅ ደግሞ በጊዜዋ ፋሽን ታሠራዋለች። የአያት ጌጥ መልኩ የሚጠፋው በዚህ ነው። ሳይጠፋ የሚቀረው የአንጥረኛው እጅ ነው፤ እሱም የሚቀረው ከወናፉ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚማር ልጅ ካለ ብቻ ነው። ወርቅ በሻንጣ ውቅያኖስ ይሻገራል፤ ሙያ ግን እንዲያ አይሻገርም።

እማማ የልጅ ልጃቸውን ፀጉር እየዳሰሱ «ይቺም ስታገባ እንደ ልቧ ታሠራዋለች» አሉኝ።

«እዚህ ማን ይሠራላታል?»

«ጎንደር ትሂዳ!»